ሶሪ ስንት ኪሎ ነው?

ይቅርታ ስለምትባለው ቃላችን አስባችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አስቤያለሁ፤ ጡረታ የወጣ ሰው ከማሰብ ሌላ ምን ሥራ አለው? አማርኛችን ለስድብ ሲሆን እጀ ሰፊ ነው። ለምርቃትም አይሰስትም። ይቅርታ ላይ ሲደርስ ግን ድንገት ቆጣቢ ይሆንና አንዲት ቃል ወርውሮልን «በሉ፣ በዚችው ተብቃቁ» ይለናል። ሚኒባስ ውስጥ እግራችሁን የረገጠው ሰውዬ ይቅርታ ይላል። ከኋላው ያለው ደግሞ ገና ሊረግጣችሁ እየመጣ ይቅርታ ይላል። ቢሮ ገብታችሁ ጸሐፊዋ ከስልኳ ቀና እንድትልላችሁ ይቅርታ ትላላችሁ፤ እሷም «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ይቅርታ» ትልና ወደ ስልኳ ትመለሳለች። ቤት ያቃጠለ ሰውም ይህችኑ ቃል ይዞ ነው የሚመጣው፤ ሌላ የለችማ።

እንግሊዞች ቀደም ብለው ተስማምተው ሥራውን ለሁለት ከፍለውታል። ኤክስኪዩዝ ሚ የሚባለው ከመግፋታችሁ በፊት ነው። ሶሪ የሚባለው ከገፋችሁ በኋላ። የመጀመሪያው መንገድ መጠየቂያ ነው፣ ልለፍ ማለት ነው። ሁለተኛው ጥፋትን ማመኛ ነው። ይኸን ልዩነት ማስተማር ለሠላሳ አምስት ዓመት እንጀራዬ ነበር፤ ሃያውን ዓመት ደምበጫ፣ ቀሪውን እዚሁ ደብረ ማርቆስ። ሁለት ተማሪ አስነሳና አንዱን በዴስኮቹ መሀል ባለችው ጠባብ መንገድ አሳልፈዋለሁ። ከመግፋቱ በፊት፣ ኤክስኪዩዝ ሚ! ከገፋ በኋላ፣ ሶሪ! ክፍሉ ይስቃል፣ ይደግማል፣ ደብተሩ ላይ ይገለብጣል፤ ደወል ሲደወል ደግሞ አንድም ቃል ሳይተነፍስ ተጋፍቶ ይወጣል።

ፈተና ላይ እንኳ አይሳሳቱም ነበር። የሚሳሳቱት ኑሮ ላይ ነው። በኳስ መስኮት የሰበረ ተማሪ ቢሮ ሲቀርብ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ «ኤክስኪዩዝ ሚ ቲቸር፣ መስኮቱ ተሰበረ» ይለኛል። ልብ በሉልኝ፤ ሰበርሁት አላለም። መስኮቱ በገዛ ፈቃዱ ተሰበረ። ኳሱም በገዛ ፈቃዱ ሄደ። እሱ በዚያ በኩል ሲያልፍ ተገኝቶ ነው። እኔም የቋንቋ ስሕተት መስሎኝ ሳርም ኖርሁ። የቋንቋ ስሕተት እንዳልነበረ የገባኝ ዓምና ነው፤ ያውም ተማሪዬ የነበረች ሴት አስተምራኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓምና ከመስቀል በኋላ አንድ ሰው ማርቆስ ቤቴ መጣ። ጌትነት ይባላል፤ ደምበጫ ሳለሁ ያስተማርሁት ልጅ ነው። ልጅ ልበለው እንጂ አሁን ጠጉሩ ከግንባሩ የሸሸ የሁለት ልጆች አባት ነው። ሥራው በሞተር ሳይክል ከገጠር ገጠር እየዞረ የወፍጮ ሞተር መጠገን ነበር። እኔ ዘንድ ከመምጣቱ ሁለት ዓመት በፊት፣ በገበያ ቀን አመሻሽ ላይ፣ አንድ ወፍጮው የቆመበት ሰው ድረስልኝ ብሎ ጠርቶት ሲከንፍ ከገበያ የምትመለስ ሴት ገጭቶ ጣለ። መግጨቱ አንድ ነገር ነው። ሳይቆም መሄዱ ሌላ ነገር ነው። በማግሥቱ ራሱ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ እጁን ሰጠ፤ ተከሰሰ፣ ተፈረደበት፣ ታስሮ ወጣ። የመንግሥት ነገር እዚያ ላይ አለቀ። የሰዎቹ ነገር ግን ገና አልተነካም ነበር።

የተጎዳችው የሺ ናት። እሷንም አስተምሬያታለሁ፣ ከጌትነት ብዙ ዓመት ቀደም ብሎ፤ ዘጠነኛ ክፍል ሳለች ተዳረችና ትምህርቱን ተወችው። ከዚያ ወዲያ የቀሚስ ጥልፍ ትጠልፍ ነበር። በዚያ አካባቢ ሙሽራ የየሺን ጥልፍ ሳትለብስ ከተዳረች «ምን አጥተው ነው?» ተብሎ ይታማ ነበር። ከዚያ አመሻሽ ወዲህ ቀኝ እጇ ከክርን በታች አልታዘዝ አላት። ጣቶቿ በቦታቸው አሉ፤ መርፌ ግን አይዙም።

ታናሽ ወንድሟ ሽባባው ገበያ መሀል ቆሞ ማለ። የእህቴን እጅ የሰበረ ሰው ደምበጫን ቢረግጥ እጁን ካልሰበርሁት ብሎ፣ የአባቱን ስም ጠርቶ። ሽባባውን የሚያውቅ ሰው ይኸን መሐላ ሰምቶ አይስቅም። ስለዚህ ጌትነት ከእስር ሲወጣ ወደ ቤቱ አልገባም። ሚስቱና ልጆቹ ደምበጫ፣ እሱ ማርቆስ በኪራይ ክፍል። ትንሿ ልጁ ስትራመድ ያየው በስልክ ነው።

«ቲቸር» አለኝ ወንበር ላይ እንኳ በቅጡ ሳይቀመጥ፣ «ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ላክሁ። ሦስት ጊዜም መለሱብኝ። እርስዎን ግን ያከብራሉ። ይኸ ካልሆነልኝ ሚስቴ ልጆቹን ይዛ እናቷ ዘንድ ልትገባ ነው፤ እኔም አገር ለቅቄ መሄዴ ነው።»

«ምን ብለህ ነው ይቅርታ የጠየቅኸው?»

«ሁሉንም አስረዳሁ። የሞተሩ መብራት አይሠራም ነበር። ጨለምለም ብሎ ነበር። መንገዱም ኮረኮንች ነው። ደግሞ...» ትንሽ አመነታ፤ «ውሻ የገጨሁ ነበር የመሰለኝ።»

ውሻ! ሽማግሌዎቹ ሦስት ጊዜ ሲመላለሱ ይኸን ቃል ተሸክመው ነው የሚሄዱት፤ እነሱም አስታራቂ ነገር ይዘው የሄዱ እየመሰላቸው። በውሻ ተመስላ ይቅር የምትል ሴት እኔ እስካሁን አላየሁም።

ብቻዬን የምወጣው ስላልመሰለኝ መሪጌታ ልሳነወርቅን ለመንሁ። መሪጌታ ዲማ ቅኔ የተማሩ፣ ሰው ከተናገረው ይልቅ ያልተናገረውን የሚሰሙ ሽማግሌ ናቸው። ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰሙና «ይኸ ሰው እስካሁን የላከው ምክንያት ነው» አሉ። «በሉ ድንጋይ ይሸከም።»

ለከተማ ልጆች ላስረዳ፤ ሌሎቻችሁ ዝለሉት። በእኛ አገር የከበደ በደል የበደለ ሰው ሽማግሌ አስከትሎ፣ ድንጋይ አንገቱ ላይ አድርጎ ይመጣና ከተበዳዩ እግር ሥር ይንበረከካል። ድንጋይ የተሸከመ ሰው አይከራከርም። መብራቱ፣ ጨለማው፣ ኮረኮንቹ የሚባል ነገር የለም። በድያለሁ ይላል፣ ይቅር በሉኝ ይላል፣ ዝም ይላል። ድንጋዩን አውርድ የሚለው ተበዳዩ ብቻ ነው። እስኪል ድረስ እዚያው ነው፤ ሽማግሌም ቢሆን ፈቃድ ሳያገኝ አይነካለትም።

እነ የሺ ቤት ልከን ቀጠሮ አገኘን፤ ቀኑ ሲደርስ ሦስታችን በጠዋት ሚኒባስ ተሳፍረን ወደ ደምበጫ ወረድን። ጌትነት ጋቢውን እስከ ዓይኑ ተሸፋፍኖ ከኋላ ወንበር ተሸጎጠ። እኔ ሲጨንቀኝ ማስተማር ይቀናኛል፤ ስለዚህ መንገዱን ሙሉ ለመሪጌታ የኤክስኪዩዝ ሚንና የሶሪን ልዩነት አስረዳኋቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡኝ።

«ለመሆኑ እንግሊዞች ድንጋይ ይሸከማሉ?» አሉኝ ስጨርስ።

«ኧረ አይሸከሙም፣ የኔታ።»

«ለዚህ ነዋ ሁለት ቃል ያስፈለጋቸው» አሉና እንቅልፋቸውን ቀጠሉ።

የየሺ ቤት ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። መሪጌታ መምጣታችንን ሊናገሩ ቀድመው ገቡ። እኔና ጌትነት አጥሩ ጥግ፣ ለግንብ የተከመረ ድንጋይ ዘንድ ቆየን። ጌትነት ክምሩን ዞሮ ዞሮ አንድ ጥቁር ድፍን ድንጋይ መረጠ፤ ሊያነሳው ጎንበስ ሲል ፊቱ ተኮማተረና እጁን ወገቡ ላይ ጣለ። ለካ ዕድሜ ልኩን የወፍጮ ሞተር ሲያነሳ ሲጥል ወገቡ ተጎድቷል፤ ሐኪምም ከባድ ነገር እንዳታነሳ ብሎታል። «ምንም አይደል፣ እችለዋለሁ» አለኝ፤ ላቡ ግን ከአሁኑ ወርዷል።

አሳዘነኝ። እውነቴን ነው፣ አንጀቴን በላኝ። ዞር ዞር ስል ከክምሩ ጫፍ ሌላ ድንጋይ አየሁ። ከሩቅ ሲያዩት የጥጃ ራስ የሚያክል፣ ግርማ ሞገስ ያለው ድንጋይ ነው። ሳነሳው ግን ከመሬት ብድግ አለልኝ። ውስጡ ቀዳዳ በቀዳዳ ነው፤ እግራችንን ከምንፈገፍግበት ድንጋይ ጋር የሥጋ ዘመድ መሆን አለበት።

«ይኸን ያዝ» አልሁት።

«ቲቸር፣ ደግ ነው?»

«ለወጉ ነው እንጂ ማን ሚዛን ይዞ ይጠብቅሃል?»

አየኝና ተቀበለኝ። ተማሪዬ ነውና እምቢ ሊለኝ አልደፈረም። እኔ ደግሞ በብልኅነቴ ረካሁ። ሥርዓቱም ተጠበቀ፣ ወገቡም ተረፈ፤ ሽምግልና ማለት ይኸው አይደል? እንዲህ እያልሁ ጋቢዬን አስተካክዬ ገባሁ።

ግቢው ውስጥ ዘመድና ጎረቤት ጥግ ጥጉን ይዞ ተቀምጧል። የሺ መሀል ላይ በርጩማ ላይ ናት፤ ቀኝ እጇን በነጠላዋ ሸፍናዋለች። ሽባባው ከጀርባዋ የበሩን መቃን ተደግፎ ቆሟል፣ ዱላውን ይዞ። ሰላም ስለው ራሱን ነቀነቀልኝ፤ ዓይኑ ግን ከእኔ አልፎ በሩ ላይ ነበር።

ጌትነት ጎብጦ ገባ። ድንጋዩ አንገቱ ላይ ነው። ከየሺ እግር ሥር ተንበረከከ፣ ግንባሩን መሬት አስነካ። «እትየ የሺ፣ በድያለሁ። ስለ እግዚአብሔር ይቅር በይኝ።»

መሪጌታ ስለ ማርያም፣ ስለ ሚካኤል ብለው ለመኑ። እኔም የምችለውን ያህል ለመንሁ። የሺ ድንጋዩን ብቻ ታያለች። ሽባባው ዱላውን ከቀኝ እጁ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ያዘዋውራል።

ያን ጊዜ ነው አንድ ነገር ያየሁት። ጌትነት ሲተነፍስ ድንጋዩ አብሮ ይነሳል። ሲተነፍስ ይነሳል፣ ሲያስወጣ ይወርዳል፤ ሽሮ ሲንተከተክ የድስቱ ክዳን እንደሚለው። አንገቱ አልቀላም። ላብ የሚባል የለም። ምናለ ትንሽ እንኳ ቢያቃስት ብዬ ተመኘሁ፤ እንዲያቃስት አለመምከሬ ቆጨኝ። ይኸን ያሰብሁት ሽማግሌ ተብዬ የመጣሁት እኔ ነኝ።

ቀና ስል የሺ እኔን እያየችኝ ነው።

«ቲቸር» አለችኝ በዝግታ፣ «ከባድ ነው?»

«ድንጋይ አይደል...» አልሁ። ድምፄ ለራሴም አልጣመኝ።

ተነሳች። ሃያ ዓመት ሙሉ የጥልፍ ክር በዓይኗ እየመዘነች የኖረች ሴት ናት፤ እንዴት እንደረሳሁት እንጃ። ወደ ጌትነት ጎንበስ አለች፣ ግራ እጇን ከድንጋዩ ሥር ሰደደች፣ አነሳችው። በአንድ እጇ፣ በግራዋ፣ ድፎ ዳቦ እንደምታነሳ። ሁላችንም እንድናየው ከፍ አድርጋ ያዘችው። ከጎረቤቶቹ አንዷ «እመቤቴ!» ብላ አፏን በእጇ ከደነች።

«ዘጠነኛ ክፍል ላይ ብተወውም ያስተማሩንን አልረሳሁትም» አለች። «ከመግፋት በፊት የሚባለውንና ከገፉ በኋላ የሚባለውን። ቲቸር፣ ይኸ ድንጋይ ኤክስኪዩዝ ሚ ነው። ልለፍ ነው የሚለኝ።»

እግሬ ሥር ጣለችው። ለሁለት ተከፈለ።

«ተጫወታችሁብን!» አለ ሽባባው። አንድ ጊዜ ተራመደ። ሁለተኛም ተራመደ። ዱላው ትከሻው ላይ ደርሷል። ሁለት ሰዎች ሊይዙት ተነሡና አስተያየቱን አይተው ቁጭ አሉ። ጌትነት ግን አልተነቃነቀም። ግንባሩን ከመሬት አላነሳም። «ቲቸር ነው የሰጠኝ» ቢል እኮ ይበቃው ነበር፤ እውነትም ነበር። አላለም።

እኔ ግን አልሁ። «ወገቡን ስለሚያመው እኮ ነው! ሐኪም ከልክሎታል! ሌላም ድንጋይ መርጦ ነበር፣ ግን ደግሞ መንገዱም ስላደከመው...» ምን ብዬ ነው መንገዱን ያመጣሁት? በሚኒባስ ነው የመጣነው። የራሴን ድምፅ ስሰማ ጆሮዬ ጋለ። የሠላሳ አምስት ዓመት መምህር፣ ተማሪዬ ፊት ቆሜ፣ ምክንያት በምክንያት ላይ እደረድራለሁ። መሪጌታ መሬት መሬቱን ያያሉ። ያፈሩት በጌትነት እንዳልሆነ ያስታውቃል።

«ማን ነው የመረጠው?» አለች የሺ፣ ግራ እጇን ዘርግታ ወንድሟን እያስቆመች።

«እኔ።»

«ታዲያ ይኸን ሁሉ ምክንያት የሚያቀርቡት ለማን ነው?»

ከዚያ ያደረግሁትን ማንም አላዘዘኝም። ዞሬ ከግቢው ወጣሁ። የሸሸሁ የመሰላቸውም ነበሩ፤ አልፈርድባቸውም፣ እግሬ ራሱ አንድ አፍታ ወደ መንገዱ አይቷል። ጥቁሩ ድንጋይ ጌትነት የተወበት ቦታ ተቀምጧል። ስድሳ አራት ዓመቴ ነው። መጀመሪያ ጉልበቴ ላይ አወጣሁት፣ ከጉልበቴ ወደ ደረቴ፣ ከደረቴ ወደ ትከሻዬ እንዴት እንደሄደ አላውቅም። በሩ ላይ ከምሰሶው ጋር ተላትሜያለሁ። መሀል ግቢ ስደርስ ከጌትነት ጎን ተንበረከክሁና ድንጋዩን አንገቴ ላይ አደረግሁት፤ እሱም አንገቴን ይዞ ወደ መሬት ወረደ።

ከድንጋይ ሥር ሆናችሁ ዓለምን ስታዩት እግር ብቻ ነው። የየሺን እግር አያለሁ። የመሪጌታን ከዘራ ጫፍ አያለሁ። ምክንያቶቼ ተሰልፈው ጉሮሮዬ ላይ ቆመዋል፤ አዝኜለት ነው፣ በደግነት ነው፣ ለእናንተም ብዬ ነው። ድንጋዩ አንድ ነገር እንዳስተማረኝ ልናገር፤ ደረትን ስለሚጫን ረጅም ዓረፍተ ነገር አያናግርም።

«አጥፍቻለሁ» አልሁ። «ይቅር በይኝ።»

የሽባባው ኮንጎ ጫማ ወደ እኛ መጣ። ቀስ እያለ መጣና ከጌትነት ራስ አጠገብ፣ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ቆመ። የዱላው ጫፍ ከመሬት ተነሳና ከማየው ወጣ። ዓይኔን ጨፈንሁ። ጌትነት ከጎኔ መናገር የጀመረው ያን ጊዜ ነው፤ ራሱን ቀና ሳያደርግ፣ አፉ አፈር እየነካ።

«እትየ የሺ፣ ውሻ አልመሰልሽኝም።»

ጫማው አልተንቀሳቀሰም።

«ሰው እንደሆንሽ አውቄያለሁ። ወደ ኋላ ዞሬ አይቼሻለሁ። መሬት ላይ ነበርሽ፤ እጅሽን ወደ እኔ ዘርግተሽ ነበር። ፈራሁ። አይቼሽ ሄድሁ። ለፍርድ ቤቱም ለሽማግሌዎቹም የተናገርሁት ውሸት ነው። በድዬሻለሁ።»

ከዚህ በኋላ ምን ያህል ጊዜ እንዳለፈ አልነግራችሁም፤ ድንጋይ የተሸከመ ሰው ሰዓት አያውቅም። ይኸን እንዲናገር ማንም አልመከረውም፤ ቢጠይቀኝ ተው እለው ነበር። መሐላ ያለበት ሰው ዱላ አንስቶ ራስጌው ቆሞ «አይቼሽ ሄድሁ» ይባላል? አሁን ይመታዋል ብዬ ቆረጥሁ። ለልጆቹም አዘንሁ።

ከዚያ የየሺ ለቅሶ ተሰማ። ጮክ ብሎ አይደለም።

«እንዳየኸኝ አውቅ ነበር» አለች። «ዓይን ለዓይን ተያይተናል። ለሰው ስናገር ግን ደንግጣ ነው፣ ጭንቅላቷን ተመትታ ነው ይሉኝ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ራሴን ስጠራጠር ኖርሁ። ወንድሜ እንኳ አላመነኝም ነበር።» አፍንጫዋን ጠረገች። «እጄን አትመልስልኝም፤ አውቃለሁ። ተነስ። ይቅር ለእግዜር።»

ዱላው መሬት ላይ ሲወድቅ አየሁት፤ ሲጥለው ግን አላየሁም። ከጥጉ አንዲት ሴት እልል አለች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። መሪጌታ ምርቃታቸውን ጀመሩ። ሰው ተነሳ፣ ተሳሳመ፣ ወንበር ተንቀሳቀሰ፣ አንዱ ስልክ አውጥቶ ለጌትነት ሚስት ደወለ፤ ወዲያው ድምጿ ከስልኩ ውስጥ ሲጮህ ተሰማ። ሁሉም ደስ አለው። እኔም ደስ አለኝ፣ ምንም እንኳ ደስታዬ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍታ ላይ ቢሆንም። እኔን ያስታወሰኝ ሰው አልነበረም።

ያስታወሰኝ ጌትነት ነው። እንባውን በክንዱ እየጠረገ መጣና ድንጋዩን ሊያነሳልኝ ጎንበስ አለ።

«ተው!» አለ ሽባባው።

እልልታው ከመሀል ተቆረጠ። የተጣለውን ዱላ የፈለጉ ዓይኖችም ነበሩ።

«ተው፣ እኔ አነሳዋለሁ» አለ ሽባባው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ወገብህን ያምሃል ብለው አልነበር?»

ያቺን ወገብ እኔ ጮሄ ላቀርባት ስሞክር ማንም አልተቀበለኝም ነበር። አሁን ሽባባው ሳይለመን በገዛ እጁ አነሳት። ድንጋዩንም አብሮ አነሳ፤ ሲያነሳው አቃሰተ፣ ክብደቱም ገርሞት አንዴ እኔን አንዴ ድንጋዩን አየ። አየር ወደ ሳንባዬ ገባ። አንገቴን ቀና አድርጌ ሰማዩን ለማየት ስጀምር፦

«ሽባባው!» አለች የሺ። «ማን አውርድ አለህ?»

«እንዴ፣ ታረቅን እኮ» አለ፣ ድንጋዩን እንዳቀፈ። «ሽማግሌም ናቸው።»

«ከእሱ ጋር ነው የታረቅሁት። እሳቸውን ገና ይቅር አላልሁም። መልስላቸው።»

መሪጌታ በጋቢያቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፈኑ፤ ሳል ነው ቢሉኝም እስከ ዛሬ አላመንኋቸውም። ሽባባው እህቱን አየ፣ እኔን አየ፤ ከዚያ እንዳያመኝ እየተጠነቀቀ ድንጋዩን ቀስ አድርጎ መለሰልኝ። እኔም አንገቴን አመቻችቼ ተቀበልሁ።